ለሰመራ የታሰበው የንፋስ መውጫ ቤት

ንፋስ መውጫ ላይ ቤት ሊሠራ ያሰበ ሰው የማያማክረው የለም። ግንበኛ ያማክራል፤ ጎረቤት ያማክራል፤ ባሕር ዳር ያለ የአክስቱን ልጅ በስልክ ያማክራል፤ መሠረቱ የሚጣልበት ቀን ደግ እንዲሆንለትም የነፍስ አባቱን ያማክራል። የማይማከረው ብርዱ ብቻ ነው። ብርዱ ደግሞ ቂም አይዝም። ግድግዳው እስኪቆም፣ ቆርቆሮው እስኪመታ፣ በሩ እስኪገጠም በትዕግሥት ይጠብቅና ከባለቤቱ ቀድሞ ይገባል።

ፅጌረዳ ፈንታሁን ይህን የተማረችው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከጣቶቿ ነው። ስማዳ ውስጥ ከወገዳ ወዲያ ካለ የገበሬ ቤት ተነሥታ፣ ደብረ ታቦር የቤት ፕላን ሥራ ተምራ፣ ንፋስ መውጫ አስፋልቱ ዳር አንዲት የብሎኬት ክፍል ተከራይታ «የሕንፃ ዲዛይንና ማማከር» የሚል ታፔላ ከሰቀለች አምስት ዓመቷ ነው። ዲዛይኑ ማለት ማዘጋጃ ቤት ማኅተም የሚመታበት ወረቀት ማለት ነው። ማማከሩ ደግሞ ደንበኛው አስቀድሞ የቆረጠውን ነገር «ጥሩ ነው» ማለት። ጠዋት ጠዋት ጫፍ ጫፉ የተቆረጠ የሱፍ ጓንት አጥልቃ ላፕቶፑ ላይ ስትጎነበስ ያያት፣ ገበያ ዳር ሽንኩርት የምትመዝን እንጂ ቤት የምትነድፍ አትመስለውም ነበር።

አንድ የታኅሣሥ ጠዋት አከራይዋን አንዳርጌን ጠርታ ወደ ላይ አሳየችው።

«ጋሽ አንዳርጌ፣ በግድግዳውና በቆርቆሮው መካከል ያለው ክፍተት እጅ ያስገባል። ንፋሱ በዚያ ነው የሚገባው።»

አንዳርጌ አንጋጦ አየ። ደግ ሰው ነው፤ ነገሩን በጥሞና ነው ያሰበበት።

«የከተማው ስም ማን ሆነና?» አለ። «ንፋስ መውጫ! የሚወጣ ነገር መጀመሪያ ይገባል እንጂ።»

ከዚህ የበለጠ ማብራሪያ ከማንም እንደማታገኝ ስለገባት፣ ራሷ ለማወቅ ተነሣች። ይበርዳል የሚለውንማ ውሻውም ያውቀዋል፤ እሷን ያብከነከናት ስንት ነው የሚለው ነበር። ለተማሪ በነፃ የሚሰጥ አንድ የሕንፃ ሶፍትዌር አገኘች። የቤቱን ፕላን ሲሰጡት፣ ግድግዳው ከምን እንደተሠራ፣ መስኮቱ ወዴት እንደሚያይ፣ ስንት ሰው እንደሚኖርበት ሲነግሩት፣ ይህ ቤት በብርድ ጊዜ ይህን ያህል ሙቀት ያፈስሳል፣ በሙቀት ጊዜ ይህን ያህል ማቀዝቀዣ ይፈልጋል ብሎ በኪሎ ዋት ይነግራል። አጠቃቀሙን ከስልኳ ቪዲዮ እያየች ተማረች። የአንድ ሰዓቱን ትምህርት ኔትወርኩ በአራት ቀን ነበር የሚጨርስላት፤ ስለዚህ ከመምህሩ ይልቅ መሐል ላይ የሚሽከረከረውን ክብ በደንብ ታውቀዋለች።

ፕሮግራሙ ሁሉን ጠይቆ ከጨረሰ በኋላ አንድ ጥያቄ ይቀረዋል፤ ቤቱ የት አገር ነው? ፅጌረዳ ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች ፈተሸች። አዲስ አበባ አለ። ለንደን አለ። ሰመራ አለ። የበረዶ አገር መንደሮች ሳይቀሩ ተመዝግበዋል። ንፋስ መውጫ የለችም። ይህን ሁሉ ዘመን ሰው ሲንቀጠቀጥባት የኖረች ከተማ፣ ለማሽኑ ገና አልተፈጠረችም።

ጓደኛዋ ደስታ ዶሮ ታረባ ነበር። ፅጌረዳ አንድ ቀን ቡና ልትጠጣ ቤቷ ሄዳ ጫጩቶቹ ክፍል ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ቴርሞሜትር አየች።

«ይኸ ለምንሽ ነው?»

«ጫጩት ከሠላሳ ዲግሪ በታች ከቆየ ይሞታል» አለች ደስታ።

«ሰውስ?»

«ሰውማ ጋቢ ይደርባል።»

በላይ ጋይንት ሙቀቱ ተለክቶ የሚኖር ፍጥረት ጫጩት ብቻ መሆኑን ፅጌረዳ ያን ዕለት ተረዳች። ደስታ ትርፍ የነበረውን አንዱን ቴርሞሜትር ሰጠቻት። ፅጌረዳ ከቢሮዋ ጀርባ፣ ፀሐይ በማይነካው ጥግ ሰቅላ አንድ ዓመት ሙሉ በቀን ሦስት ጊዜ አየችው፤ ጎሕ ሲቀድ፣ ስምንት ሰዓት ላይና ሲመሽ። የጎደሉትን ሰዓታት ከሌላ ደጋ ከተማ መዝገብ እየተበደረች ሞላችና ለሶፍትዌሩ የንፋስ መውጫን አየር ሠራችለት። ታኅሣሥ ውስጥ አንድ ጠዋት ከዜሮ በታች አንድ ዲግሪ ጽፋለች። ዓመቱን ሙሉ ከተመዘገበው ከፍተኛው ሙቀት ደግሞ ሃያ ሦስት ነው፤ ያን ቀን ሰዎች «አቤት ሐሩር!» ሲሉ መዋላቸውንም በዳር አስፍራለች። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ይባል የለም?

በዚያው ሰሞን አቶ ክንዱ ቤት ማሠራት ጀመሩ።

አቶ ክንዱ ባቄላና ገብስ በጅምላ የሚነግዱ፣ በከተማው የተከበሩ፣ ከባዶ ተነሥተው ሰው የሆኑ ናቸው። አንድ ጊዜ ባሕር ዳር ሆቴል አድረው ኖሮ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ነጭ ሣጥን ቀዝቃዛ አየር ሲተነፍስባቸው ልባቸው ተሰረቀ። ጋይንት ሲመለሱ ይህ ነገር ለቤታቸው ግድ መሆኑን ወስነው ነበር። በርግጥ ቀዝቃዛ አየር በንፋስ መውጫ ሞልቶ ተርፏል፤ ግን እሱ በነፃ የሚመጣ ስለሆነ ክብር የለውም።

ፕላኑን የሠራላቸው ማቴዎስ የሚባል የባሕር ዳር ኢንጂነር ነው። ባለ አንድ ፎቅ ቤት፣ ስድሳ አራት ገጽ ሥዕል፣ ከፊት ለፊቱ ከመሬት እስከ ጣሪያ ሰማይ የሚያሳይ መስታወት። ፊት ለፊት ማለት አስፋልቱ ባለበት ማለት ነው፤ አስፋልቱ ደግሞ በሰሜን ነው። በብርዱ ወራት ፀሐይ የምታልፈው በደቡብ በኩል ስለሆነ፣ መስታወቱ ለፀሐይ ጀርባውን ሰጥቶ ከአይሱዙ ጋር ሲተያይ ሊውል ነበር።

ፅጌረዳ የተቀጠረችው ለዚህ ለተከበረ ሥራ ነው፤ ሥዕሉን እያተመች ለግንበኞቹ ማንበብ። ገጽ አርባ አንድ ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። «የማቀዝቀዣ ፍላጎት፦ ሠላሳ ስምንት ኪሎ ዋት። ኤሲ፦ ስድስት። የማሞቂያ ፍላጎት፦ የለም።» መጀመሪያ ሳቀች። ቀጥሎ ደነገጠች፤ ሰው ብቻውን አዋቂ ሲሆን የመጀመሪያው ስሜት ፍርሃት ነውና፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ ብላ ሦስቴ አነበበችው። በአራተኛው ጊዜ፣ ዓይኗ የገጹ ራስጌ ላይ፣ የጉንዳን እግር በምታክል ፊደል የተጻፈች አንዲት ቃል ላይ ዐረፈ። የአየር ጠባይ፦ ሰመራ።

ደወለችለት።

«ኢንጂነር፣ ገጽ አርባ አንድ ላይ የአየሩ ጠባይ የሰመራ ነው ይላል።»

«እሺ?»

«ቤቱ ንፋስ መውጫ ነው።»

«ሁለቱም ኢትዮጵያ ውስጥ ናቸው» አለ ኢንጂነር ማቴዎስ።

«እሱስ ናቸው።»

«ከዚያ በፊት የሠራነው ሆቴል ሰመራ ነበር። ፋይሉ እንዳለ ቀርቶ ይሆናል። ያን ያህል ለውጥ አያመጣም።»

«የሃያ ዲግሪ ለውጥ ነው እኮ፣ ኢንጂነር። እኔ እዚህ ዓመቱን ሙሉ ለክቼዋለሁ።»

«በምን?»

«በጫጩት ቴርሞሜትር።»

ከወዲያ በኩል ሳቅ ተሰማ፤ ሳቁ የአንድ ሰው ብቻ አልነበረም። «እህቴ፣ አንቺ ሙያሽ ምንድን ነው?»

«ድራፍቲንግ።»

«እንግዲያውስ ድራፍትሽን ሥሪ» ብሎ ስልኩን ዘጋው።

ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሏል ይህ ነው፤ ልዩነቱ የዘንድሮው ለቃሚ ዲግሪ ያለው መሆኑ። ፅጌረዳ ሦስት ቀን ሌላ ሥራ ሳትነካ የአቶ ክንዱን ቤት በራሷ የአየር መዝገብ አሠላችው። ማቀዝቀዣ ዜሮ። ማሞቂያ አሥራ ዘጠኝ ኪሎ ዋት። ያም ማለት ቤቱን ለማሞቅ አምስት የኤሌክትሪክ ምጣድ ባንዴ ለኩሶ ጎሕ እስኪቀድ ማቆየት ማለት ነው፤ ያውም የሰፈሩ መብራት ከፈቀደ። ከአሥራ ዘጠኙ አምስቱ በዚያ በሚያምረው መስታወት ነበር የሚፈስሰው።

ውጤቱን በቀለም አሳትማ፣ ሳይት ላይ ሲሚንቶ ሲያስቆጥሩ አገኘቻቸው።

«ጋሽ ክንዱ፣ አንድ ነገር ላማክርዎ ነበር።»

«ምን ጎደለሽ?»

«እኔ አልጎደለኝም። ኤሲው ነው። አያስፈልግዎትም።»

አቶ ክንዱ ቆጠራውን ተዉና ዞሩ። «ምቀኛ ከሩቅ ነው የሚመጣው ሲሉ ነበር የምሰማ» አሉ።

«ይዩት እስቲ። ይኸ የእርስዎ ቤት ነው። ይኸ ሰማያዊው ሁሉ ብርዱ የሚገባበት ነው።»

አቶ ክንዱ ወረቀቱን ተቀብለው አርቀውም አቅርበውም አዩት። ፊታቸው ፈካ።

«ቀለሙ ደስ ይላል። ቀቢው ሲመጣ አሳዪው፤ ሳሎኑን እንዲህ ያድርግልኝ።»

ፅጌረዳ ተስፋ አልቆረጠችም። በሰሜን ያለው መስታወት ይቀነስ፣ በደቡብና በምሥራቅ መስኮት ይውጣ፣ ብሎኬቱ ከውስጥ በጭድ ጭቃ ወፍራም ልስን ይለሰን፣ ከኮርኒሱ በላይ ገለባ ይነጠፍ፤ ያኔ ማሞቂያው በሢሶ ይወርዳል አለች። አቶ ክንዱ እስከ «ጭቃ» ድረስ በትዕግሥት ሰሟት።

«ጭቃ? ገለባ?» ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር የወጣው። «አንች ልጅ፣ እኔ ከጭቃ ቤት ለመውጣት ሠላሳ ዓመት ነው የለፋሁ። ጣሪያው እያፈሰሰ፣ ከብት እግር ሥር ተኝቼ ነው ያደግሁ። አሁን አንች በኮምፒውተር መልሰሽ ልታስገቢኝ ነው?»

የተናገሩት እውነት ነበር። እሷም ከእንዲያ ያለ ቤት ነው የወጣችው። የአባቷ ቤት ግድግዳ ክንድ ከስንዝር ውፍረት እንደነበረውና ውርጭ በወረደበት ጠዋት እንኳ ከውስጥ እጅ እንደማይቆረጥም ታስታውሳለች፤ ግን እሷም ብትሆን አሁን የምትኖረው ብሎኬት ውስጥ ጓንት አጥልቃ ነው። ወረቀቷን ጠቅልላ ተመለሰች። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው የሚለው ተረት የተተረተው ለጨካኝ መካሪ ይመስላት ነበር። ለደካማ መካሪም ያገለግላል።

ቤቱ በዓመቱ አለቀ። ስድስቱ ኤሲዎች በካርቶናቸው ከባሕር ዳር መጡ። ፅጌረዳ ካርቶኑን አገላብጣ አነበበች። ዞሮ ማሞቅም የሚችል ዓይነት አለ፤ እነዚህ ግን ለሰመራ የተመረጡ ናቸውና ማቀዝቀዝ ብቻ ነበር የሚችሉት። እሱን ግን አሳምረው ይችሉበታል።

የቤቱ ምረቃ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ እሑድ ሆነ። የነፍስ አባታቸው መምሬ ወልደማርያም ጸሎት አድርሰው ከክፍል ክፍል ጠበል ረጩ። ሰማንያ የሚያህል ሰው ሳሎኑን ሞላው። ያን ጊዜ አቶ ክንዱ ሪሞቱን ከደረት ኪሳቸው አወጡና ግድግዳው ላይ እንደ ሽጉጥ አነጣጥረው ተጫኑት። ከላይም ከታችም ስድስቱም ነጫጭ ሣጥኖች አፋቸውን ከፈቱ። ሴቶቹ እልል አሉ፤ ወንዶቹ አጨበጨቡ። አንድ ሰው «ዘመናዊነት!» ብሎ ጮኸ።

እልልታው የቆየው የመጀመሪያው ንፋስ አንገት እስኪደርስ ነው። ቀጥሎ ጋቢ ወደ ላይ መሳብ ጀመረ። ቀጥሎ ነጠላ በነጠላ ላይ ተደረበ። የበጉ ወጥ ስብ ሳህኑ ላይ ነጭ ሆኖ ረጋ፤ እንግዶቹ በረዶ እንደሚሰብር ሰው በእንጀራ ይፈነቅሉት ገቡ። ማንም ግን በረደኝ አላለም። በተከበረ ሰው ቤት፣ ያን ያህል በወጣበት ማሽን ሥር፣ መብረድ ነውር ነው።

መጀመሪያ የተናገሩት መምሬ ወልደማርያም ናቸው። ጥምጥማቸውን ጆሯቸው ድረስ ዝቅ አድርገው ነበር።

«ክንዱ ልጄ» አሉ፤ «ጠበሉን ስረጭ ክፉ መንፈስ ሁሉ የወጣ መስሎኝ ነበር። ይኸ ከግድግዳው ላይ የሚተነፍስብን ማነው?»

«ቴክኖሎጂ ነው፣ አባ» አሉ አቶ ክንዱ።

«እንዲያ ከሆነ እግዚአብሔር ያውጣህ» አሉና ብድግ ብለው ወደ ጓሮ ወጡ።

ካህኑ ከወጡ ሌላው ምን ይጠብቃል? አንዱ ስልክ ተደወለልኝ ብሎ፣ ሌላው እጄን ልታጠብ ብሎ፣ ሕዝቡ ሁሉ ከቤቱ ጀርባ በደቡብ በኩል ፀሐይ ወዳለበት አጥር ሥር ተሰበሰበ። የአቶ ክንዱ ባለቤት እትዬ ጌጤ ምግቡን ተከትለው አወጡ። ግብዣው እዚያ፣ ማንም ባልነደፈው ቦታ፣ ደመቀ። ትንሽ ቆይቶ ከምሰሶው ላይ «ጧ!» የሚል ድምፅ ተሰማና የሰፈሩ መብራት ጠፋ። ትራንስፎርመሩ ለሰመራ የታሰበውን ሸክም አልቻለውም።

ፅጌረዳ ሳህኗን ይዛ በመስኮቱ ወደ ውስጥ አየች። አቶ ክንዱ ባዶው ሳሎን መካከል ቆመው የማይሠራውን ሪሞት ደጋግመው ይጫኑ ነበር። ይህን ቀን በልቧ ስትጠብቀው ነው የከረመችው፤ አልዋሽም፣ ትንሽ ደስ እንደሚላትም አስባ ነበር። ሲመጣ ግን ደስ አላላትም። ሳህኗን አስቀምጣ ማንንም ሳትሰናበት ወጣች።

ከዚያ በኋላ ኤሲው አልተከፈተም፤ ብርዱ ግን መከፈት አያሻውም። በመስታወቱ እንደ ልቡ ይገባል። የካቲት ሲጋመስ የአቶ ክንዱ ቤተሰብ አንድ በአንድ ወደ አሮጌው ሰርቪስ ቤት ተመልሶ፣ ፎቁ ለእናታቸውና ለእንግዳ ብቻ ይከፈት ጀመር። ከአስፋልት የሚያየው ሰው አሁንም ያደንቀዋል። ከውጭ ሲታይ ለክፉ አይሰጥም።

አንድ ማክሰኞ እትዬ ጌጤ ፅጌረዳ ቢሮ ገቡና በሩን ከኋላቸው ዘጉ።

«ፅጌ፣ ክንዱ እንዳይሰማ» አሉ። «እናቱን፣ እማማ ብርቄን፣ ክብር ነው ብሎ ፎቅ ላይ መስታወቱ ሥር አስተኝቷቸዋል። ሳላቸው ባሰ። አውርዳቸው ብለው ‘ሰው ምን ይለኛል’ ይላል። እሱ ወገዳ ባቄላ ሊሰበስብ ነው፤ ሁለት ሳምንት ይቆያል። አንድ ክፍል ብቻ፣ አንች ባልሽው መንገድ አርጊልኝ።»

ፅጌረዳ የመረጠችው ከቤቱ ጀርባ ያለውን፣ በፕላኑ ላይ «ዕቃ ቤት» የተባለውን ነው። ኢንጂነር ማቴዎስ ስላላከበረው መስታወት አልደረሰውም፤ ፊቱም ወደ ደቡብ ነው። በሶፍትዌሩ አስገባችው። እንዳለ አንድ ሺህ ስድስት መቶ ዋት ያፈስሳል። ግድግዳው በጭድ ጭቃ አንድ ስንዝር ሲለሰን ወረደ። ኮርኒስ ተመትቶ፣ ኖራ የተነሰነሰበት ገለባ ሲነጠፍበት እንደገና ወረደ። በደቡብ አንድ ድርብ መስታወት ያለው መስኮት ስታወጣ፣ ለእማማ ብርቄ ለራሳቸው ገላ ሙቀት ሰማንያ ዋት ስትሰጥ፣ ስድስት መቶ ላይ ቆመ። ከካውያ ያነሰ።

ግንበኞቹ ሲሚንቶ ባለበት ሳይት ጭቃ ሲያቦኩ አፍረው አጥሩን በሸራ ጋረዱት። በአሥረኛው ቀን እማማ ብርቄ ወረዱ። ፅጌረዳ የጫጩት ቴርሞሜትሯን ራስጌያቸው ሰቀለች። በማግስቱ ማለዳ ውጭ አራት ዲግሪ ሲል፣ ውስጥ ምንም ማሞቂያ ሳይሰካ አሥራ ስድስት አለ። ለረጅም ጊዜ ቁጥሩን ስታይ ቆየች። ስሌት ስክሪን ላይ ትክክል ሲሆን አይታለች፤ ሰው አልጋ አጠገብ ትክክል ሲሆን ግን የመጀመሪያዋ ነበር።

«ምን ይላል?» አሉ እማማ ብርቄ።

«ደኅና አደሩ ይላል፣ እማማ።»

አቶ ክንዱ ከወገዳ ከታሰበው ቀን ቀድመው ከች አሉ። እናታቸው ፎቅ ላይ የሉም። ዕቃ ቤት መሆናቸውን ሲሰሙ ጩኸታቸው አስፋልት ተሻገረ።

«እናቴን? ዕቃ ቤት? እኔ ቆሜ?»

በሩን በርግደው ገቡ። እትዬ ጌጤና ፅጌረዳ ደጅ ላይ ቆሙ። ከውስጥ ለጥቂት ጊዜ ቁጣ ተሰማ። ቀጥሎ የእማማ ብርቄ «ቁጭ በል፣ ክንዱ» የሚል ድምፅ። ቀጥሎ ምንም። እትዬ ጌጤ በሩን ገፋ አድርገው ሲያዩ፣ አቶ ክንዱ ኮታቸውን አውልቀው፣ ጫማቸውን አውልቀው፣ ወንበር ላይ አፋቸውን ከፍተው ተኝተዋል። ምረቃው ካለፈ ወዲህ በቅጡ እንቅልፍ ያገኙ በዚያ ቀን ሳይሆን አይቀርም።

በሳምንት ውስጥ አልጋቸው እዚያ ገባ። ቀጥሎ ቴሌቪዥኑ። ቀጥሎ የምግብ ጠረጴዛው። አሥራ አንድ ክፍል ካለው ፎቅ ቤት ውስጥ አምስት ሰው አንዲት ዕቃ ቤት ውስጥ ይኖር ጀመር። ሰው ሲጠይቃቸው አቶ ክንዱ ግድግዳውን መታ መታ እያደረጉ «ይችን ክፍል እኔ ራሴ ነኝ ያሰብኋት። ባለሙያዎቹ አልገባቸውም ነበር» ይላሉ። ፅጌረዳ አጠገባቸው ቆማ ብትሆንም ይሉታል፤ እሷም ራሷን ትነቀንቃለች። ባለሙያዎቹ እንዳልገባቸውማ እውነት ነው።

ወሬው ሲዛመት ደንበኛ መጣ። ልመንህ የተባለ የሱቅ ባለቤት «እንደ ክንዱ ዕቃ ቤት ሥሪልኝ፤ ፊት ለፊቱን ግን እንደ ክንዱ መስታወት» አላት። ሌላዋ ጭቃውን ተቀብላ፣ ከላይ ሴራሚክ ይለጠፍበት አለች። ፅጌረዳ ለሁሉም አሠላች። ውጤቱን የሰማ ጥቂት ነው፤ በቀለም የታተመውን ግን ሁሉም ሳሎኑ ሰቅሎታል።

ሳያሠራ የጠየቃት የመጀመሪያ ሰው ከእስቴ፣ ከመካነ ኢየሱስ የመጡት ጡረተኛ መምህርት ሙሉነሽ ናቸው። ጉልበታቸውን ብርድ ያማቸዋል። መሠረት ሳይቆፈር ቦታቸውን በወረቀት ነድፈው፣ ዛፉንና የጎረቤቱን አጥር ሳይቀር አስፍረው ይዘው መጡ። ፅጌረዳ ወረቀቱን ስታይ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ይህን ሁሉ ዓመት ሰሜንን የሚያሳይ ቀስት የሣለ ደንበኛ አልገጠማትም ነበር።

«የጋይንት ቁጥር ለእስቴ አይሆንም፣ መምህርት» አለቻቸው። «ለስድስት ወር ይለኩልኝ።» ከደስታ ሌላ ቴርሞሜትር ለምና ሰጠቻቸው። መምህርቷ የሰባት ወር መዝገብ ይዘው ተመለሱ፤ በቀይና በሰማያዊ እስክሪብቶ ተለይቶ፣ የቀሩበት ቀን ቢኖር ምክንያቱ ተጽፎ።

ፅጌረዳ ሁለት ሳምንት ሠራችበት። መስኮቱን ወደ ደቡብ አዞረች፣ ግድግዳውን በድንጋይና በጭቃ አወፈረች፣ መኝታውን በሁለት ክፍሎች መካከል ሸሸገችው። ሲያልቅ ደወለችላቸው።

«እንግዲህ ስንት ማሞቂያ ልግዛ?» አሉ መምህርት ሙሉነሽ።

«ዜሮ።»

«ማቀዝቀዣስ?»

«ዜሮ።»

«ሁለት ሳምንት ሙሉ የደከምሽው ዜሮ ለማምጣት ነው?»

«አዎ፣ መምህርት።»

«እኔ ሠላሳ አራት ዓመት ሳስተምር ዜሮ ያመጣ አላመሰግንም ነበር» አሉ፤ ስልኩ ውስጥ ሲስቁ ተሰማ። «ጎበዝ።»

የዚህ ሙያ ጣጣው ይህ ነው። ስድስት ማሽን ያዘዘ ኢንጂነር ይባላል፤ ምንም አያስፈልግዎትም ያለ ግን ምን እንደሠራ ለሰው ማስረዳት ሊሳነው ነው። ፅጌረዳ ግን ያን ቀን ቢሮዋን ቆልፋ ደስታ ዘንድ ሄዳ ጫጩት መሐል ቁጭ ብላ ስትስቅ ዋለች።

ቤቱ ሲያልቅ እሷም በአውቶቡስ ደብረ ታቦር ዞራ መካነ ኢየሱስ ድረስ ሄዳ አየችው። ትንሽ ነው፤ ከመንገድ የሚያየው ሰው ቆም ብሎ አያደንቀውም። መምህርት ሙሉነሽ አሁንም በየጠዋቱ የቤታቸውን ዲግሪ በአጭር መልእክት ይልኩላታል፤ «አሥራ ሰባት»፣ «አሥራ ሰባት ተኩል»፣ እንዲህ እያሉ። ባለፈው ኅዳር ላይ ግን ቁጥሩ ድንገት ሃያ አንድ ሆነ። ፅጌረዳ ስሌቷ የተበላሸ መስሏት ደንግጣ ደወለች።

«መምህርት፣ ምን ተፈጠረ?»

«ስሌቱ ውስጥ ስንት ሰው ነበር ያስገባሽ?»

«ሁለት፤ እርስዎንና ሠራተኛዎን።»

«አሁን እኔ ቤት ዘጠኝ ሰው አለ» አሉ። «ጎረቤቱ ሁሉ ሙቀቱን ሰምቶ ከጠዋት ይመጣል፤ እያንዳንዱ ደግሞ የራሱን ሙቀት ጨምሮ ያሞቀዋል፤ ስለሞቀ ደግሞ አይሄድም። ወንበሬን እንኳ ወስደውብኛል። ያ ፕሮግራምሽ እንግዳ የሚያስወጣበት ቦታ የለውም ወይ?»

«መስኮቱን ትንሽ ይክፈቱት፣ መምህርት።»

«ከፈትሁት እኮ» አሉ ሙሉነሽ። «ዝጊ አሉኝ።»